ሽማግሌ የተላከባቸው መምህር፦ የዶክተር ሞላ ገብረየሱስ የሕይወት ታሪክ (1953–2018 ዓ.ም.)

ዶክተር ሞላ ገብረየሱስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረየሱስ ዓለሙ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተማርያም ውቤ፣ ከገሳይ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ጥር 12 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ እንዲህ በትክክል የታወቀው አባታቸው በዚያ ዓመት ብዕርና ቀለም ስለገዙ ነው፤ የታላላቆቻቸው ልደት «በአንበጣው ዓመት» እና «ከአንበጣው በኋላ» ተብሎ ይታወቃል።

ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔውን ጥቂት እንደቀመሱ በ1963 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1975 ዓ.ም. በመምህርነት ሠልጥነው አንበሳሜ ላይ አስተማሩ። በዚያው ከተማ በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማሬ ፈንቴ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ፋሲካን፣ በረከትንና ቅድስትን አፍርተዋል። ከዚያም እያስተማሩ እየተማሩ፣ በ2003 ዓ.ም. በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። አዲስ አበባ በአንድ የጥናት ተቋም ሲሠሩ ቆይተው በ2005 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር ተመለሱ። «ምን ጎድሎብዎት መጡ?» ለሚላቸው «የጻፍሁትን የሚያነብ» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ማስተማር ጀመሩ። ተማሪዎቻቸው ኮማንደሮች፣ ዐቃቤ ሕጎች፣ የባንክ ሥራ አስኪያጆችና የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ነበሩ። ሁሉም ስብሰባ መምራት እንጂ መሰብሰብ ያልለመዱ ስለነበሩ የመጀመሪያው ቀን በመክፈቻ ንግግር ያልቅ ነበር። ዶክተር ሞላ ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ «ስብሰባው ተዘግቷል፤ ደብተር አውጡ» ይሉ ነበር። ትምህርታቸው የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ «ነገ መንገዱ ቢዘጋ የስኳር ሕመምተኛዋ መድኃኒቷን ማን ያመጣላታል?» «የሚመለከተው አካል» ብሎ የመለሰ ሁሉ የሰውየውን ስምና የሥራ ድርሻ እስኪናገር ቆሞ ይቆያል። አንድ ኮማንደር ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመዋል ይባላል፤ ኮማንደሩ ራሳቸው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ነው ይላሉ።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ዶክተር ሞላ በጉበት ሕመም ተያዙ። ሐኪሞችም ለመስቀል መድረሳቸውን ተጠራጠሩ። በዚያው ወር ዋርሳቸው፣ የወይዘሮ ማሬ ታናሽ ወንድም፣ ተማሪያቸውም የነበረው ደሳለኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበላቸው። ርእሱ መንገድ ሲዘጋ የእህልና የመድኃኒት አቅርቦት የሚል ሲሆን፣ «የሚመለከተው አካል» ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጽፎበታል። ዶክተር ሞላ ጣሉት። ደሳለኝ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነውና በጣም አዘነ፤ ከእኅቱ ቤት እግሩን ነቀለ። መስከረም ላይ ካላለፈ ከትምህርቱ ይሰናበታል፤ ወይዘሮ ማሬ ግን ይበልጥ የፈሩት ባላቸውና ወንድማቸው እንደተኳረፉ ሞት እንዳይቀድማቸው ነበር።

ደሳለኝም አገሩ የሚያውቀውን መንገድ ያዘ። ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው የመጡት የዶክተሩን የነፍስ አባት ቄስ አዳነን አስቀድመው ነው። «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ዶክተር ሞላም ከአልጋቸው ተነሥተው አብረዋቸው ቆሙ።

«ልጄ፣ እኛ ደም ያደረቅን ሽማግሎች ነን፤ አንዲት የማለፊያ ፊደል ታቅተን?» አሉ ቄስ አዳነ።

«አባቴ፣ ደም የሚደርቅ አጥፊው አጠፋሁ ሲል ነው። ደሳለኝ ገና አላለም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ዋስ ሁኑትና ይጻፈው። ሠላሳ አንዱንም ሰው በስሙ ያምጣ። እናንተም እሑድ እሑድ እየሰማችሁ መርምሩት።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀድመው የተቀመጡት ቄስ አዳነ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መቀመጣቸውም እንደ ስምምነት ተቆጠረ።

ያ ክረምት ለደሳለኝ ከባድ ነበር። ሽማግሎቹ ከቅዳሴ መልስ እየጠሩ «የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዝ ማን ነው? እሱ ሲታመምስ?» እያሉ ያፋጥጡት ጀመር፤ መምህሩ ቢሆኑ ይሻል ነበር እስኪል ድረስ። ከገሳይ እስከ አንበሳሜ እየዞረ፣ ሾፌሩንም ነርሱንም እየጠየቀ፣ ሠላሳ አንዱን በስም ለቀመ። በአሥራ አራቱ ቦታ የተገኘው የራሱ ስም ነበር።

መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ደሳለኝ ከሽማግሎቹ ጋር ወደ እኅቱ ቤት መጣ። ዶክተር ሞላ መቀመጥ ስላልቻሉ ጽሑፉን ከአልጋቸው አጠገብ አነበበላቸው። አሥራ አራቱ ላይ ሲደርስ ከወረቀቱ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ሌላ ሰው አስቀይሜ ከምጽፍ ብዬ አይደለም፤ የእኔው ሥራ ሆኖ ነው» አላቸው። እሳቸውም እጁን ይዘው «አሁን የአገር ደኅንነት ገባህ» አሉት። ወይዘሮ ማሬ ወደ ጓዳ ገብተው አለቀሱ። ውጤቱ ቢ ሆነ። ሽማግሎቹ በዚያው ቁጭ ብለው ኤ ይሁንለት ሲሉ ለመኑ፤ አልተሳካላቸውም። የሌላው ፈታኝ ፊርማ ተጨምሮበት ደሳለኝ ከትምህርቱ ሳይሰናበት ቀረ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ዶክተር ሞላን ሲያገላብጥ፣ ውኃ ሲያጠጣና ሲያጥብ የነበረው ደሳለኝ ነው። ዶክተር ሞላ ገብረየሱስ በሀገር ውስጥ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ዋርሳቸው በተገኙበት በቤታቸው አረፉ። ዶክተር ሞላ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት፣ የአራት ልጆችም አያት ነበሩ።

ቸሩ አምላካችን፣ እሳቸው ፈተና ባረሙበት ጥብቅነት ሳይሆን በራሱ የምሕረት ብዛት ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ ከአበው ጋር በዕረፍት ቦታ ያኑርልን። ለወይዘሮ ማሬ፣ ለልጆቻቸውና ለዋርሳቸው መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።