ተደፍቶ የነበረው ኩባያ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የምርምር ማዕከላችን ለሚመጣው ሳምንት ጉባኤ ሽር ጉድ እያለ ነው። አዲሱ ዳይሬክተርም ገብተዋል፤ ሰላምታ እንኳ ይሰስታሉ። የሻይ ክፍሌን ደንብ እዚሁ ትሠሪ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ የሄደ ሰው ኩባያ አይጣልም፣ ተደፍቶ ይቀመጣል። ስትሄጂ ያንቺን ደፋሁ፤ ባለፈው ወር ደግሞ የሞቱብንን የፕሮፌሰሩን። የሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ቀና ብሎ፣ ሻይ ተጠጥቶበት ይገኛል። «አይጥ ነው» አለኝ ጥበቃው። አይጥ ስኳር ያማስላል?

ዛሬ ያንቺም ከጎኑ ቀና ብሏል፤ እንደ ልማድሽ ግማሹ ሻይ ቀርቶበታል፣ ገና ትኩስ ነው። የሳቸውን አጠብኩ፤ ያንቺን ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እባክሽ ደውዪልኝ፤ መልእክት አትላኪ፣ ድምፅሽን አሰሚኝ።

እናትሽ