ውኃ የቋጠረው መብራት

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ዛሬም ውኃ አለው። ይበልጣል መኪናውን ሱቄ ፊት ሲያቆም በቀኙ የፊት መብራት ውስጥ የተኛው ውኃ ወዲያ ወዲህ ሲናጥ አየሁት። ሁለት ጣት ይሆናል። ግራው ውኃ አልቋጠረም፤ መስታወቱ ግን በውስጥ በኩል ላብ ለብሷል። ወንድሜ ከጋቢናው ወርዶ መብራቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና፣ "እታለም፣ ዓሣ እንልቀቅበት ወይ?" አለኝ።

እኔ አልሳቅሁም። መብራቶቹን የሸጥሁለት እኔ ነኝ። ግንቦት ላይ ከሬብ ድልድይ ወዲህ መንገድ የሚያቋርጥ በሬ ገጭቶ ኦርጅናሎቹ ሲሰበሩ፣ ከሱቄ መደርደሪያ ኮፒዎቹን አውርጄ፣ "በምንም አይለይም" ብዬ በገዛ እጄ ገጠምሁለት። ልዋሸው ብዬ አይደለም። የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው መናገር ልማዴ ስለሆነ ነው።

ከበሬው ወዲህ ይበልጣል ዓይኑን አያምንም። ጥላ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል። ረቡዕ ደግሞ ሩዝ ጭኖ ወደ ወልዲያ ይሄዳል፤ ጉናን ሊያቋርጥ ነው። በሐምሌ ጉና ላይ በእኩለ ቀን የራስህን እጅ የማታይበት ጉም ይወርዳል። መብራት የሌለውን መኪና ከፊት የሚመጣው አያየውም። ይኸን ሳስብ ምሳ አልበላ አለኝ።

ነገ የግድ መጠገን አለብኝ። የሚያስፈልገኝ፦
ሲልከን፣ ማሸጊያው ሙጫ (ጥቁሩ፤ ነጩ ይላጣል)።
የፀጉር ማድረቂያ፣ ከጎረቤት ሳሎን በውሰት።
ንጹሕ ጨርቅ።
ትዕግሥት። እሱ ሱቄ ውስጥ የለም።

ማታ አገሬ ደወለች፤ የይበልጣል ሚስት ናት። "አንች ከሠራሽው እኔ እተኛለሁ" አለችኝ። እሷ ተኝታ ይሆናል። እኔ ይኸው እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሠራሁት። ቢያንስ የሠራሁት ይመስለኛል።

ሁለቱንም መብራት ፈትቼ አወረድሁ። ቀኙን ስደፋው ውኃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። የሳሎኗ ልጅ ማድረቂያውን ስትሰጠኝ፣ "ካስክ ልትሠሪለት ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አደረቅሁት። ከዚያ ውኃው የሚገባበትን ፈለግሁና ከበስተኋላው የእርሳስ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ። አጭር የጎማ ቱቦ ብጤ አላት። ከዚህ ሌላ በየት ይገባል ብዬ በሲልከን ጥርቅም አድርጌ ደፈንኋት። የግራውንም እንዲሁ።

ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታው አያ ጌጡ ጎማ እየነቀሉ ያዩኝ ነበር። "ልጄ፣ ውኃው በየት እንደገባ አየሽው ወይ?" አሉኝ። ቀና ሳልል "አይቻለሁ" አልኋቸው። ሱቁን የከፈትሁ ሰሞን "የሴት እጅ ለሽቦ ይለሰልሳል" ብለው ነበር፤ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አልረሳሁላቸውም። ባሕር ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ የተማርሁት ከጎሚስታ ምክር ልቀበል አይደለም።

መልሼ ገጠምሁና በጆግ ሦስት ጊዜ ውኃ ደፋሁበት። ጠብታ አልገባም። ይበልጣል "እግዜር ይስጥሽ እታለም" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ደስታዬ ቅጥ አጣ። ካርቶን ቀድጄ በቀይ እስክሪብቶ "ውኃ የሚያስገባ የመኪና መብራት እንጠግናለን" ብዬ በሩ ላይ ለጠፍሁ። "እንጠግናለን" ያልሁት ብዙ ሰው ያለን እንዲመስል ነው። እኔ ብቻ ነኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ይበልጣል ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጣ። ያካፋ ነበር። ሁለቱም መብራቶች ቦግ ብለው የደብረ ታቦርን መንገድ ያዙ። ዓይኔ እስኪደክም አየኋቸው።

2 ሰዓት ላይ አንድ የሐሙሲት ሹፌር ማስታወቂያዬን አንብቦ መብራቱን በጆንያ ይዞ መጣ። ያው ዓይነት ኮፒ ነው። እንደ ትናንቱ አደረቅሁ፣ ቀዳዳዋን ደፈንሁ፣ ሲልከኑ ቶሎ እንዲይዝ ብዬ በባትሪ አብርቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ሹፌሩ ቁርስ ሊበላ ሄደ።

ትንሽ ቆይቼ ዘወር ስል መስታወቱ አልቦታል። ምስር የሚያካክሉ ጠብታዎች በውስጥ በኩል ይወርዳሉ። ዝናብ አልነካውም። ጣራ ሥር ነው ያለው።

ሰዓት አየሁ፤ 3 ተኩል ሆኗል። ይበልጣል ይኼኔ ደብረ ታቦርን አልፏል። ደወልሁ። ዝግ ነው። ደገምሁ። ዝግ ነው። መልእክት ጻፍሁለት፦ "ከመብራቱ ኋላ ያለውን ጥቁር ሲልከን በምስማር ብሳው። ጉና ላይ ከሆንህ ቁም።" አልደረሰውም።

ያው ረቡዕ፣ ከሰዓት

ኩራቴን ውጬ መንገዱን ተሻገርሁ። የሐሙሲቱን መብራት እንደ ታመመ ልጅ ታቅፌዋለሁ። "አያ ጌጡ፣ እስቲ ይዩልኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አላውቅም" አልኋቸው። እጃቸውን ጠርገው ተቀበሉኝና አገላብጠው አዩት።

"ያልደረቀ ሩዝ በላስቲክ ቋጥረሽ ብታስቀምጭ ምን ይሆናል?" አሉ።

"ያልበዋል። ከዚያ ይሻግታል።"

"ታዲያ ይኸም ሲሞቅ ያልበዋል። ይኸች ቀዳዳ መተንፈሻው ናት፤ አንች አፍንጫውን ነው የደፈንሽው።"

ሲልከኑን በወስፌ አወጡ። ቀጭን ቱቦ ቀዳዳዋ ላይ ሰክተው መብራቱን ጎማ በሚፈትሹበት ሳፋ ውስጥ ነከሩት። ኮምፕሬሰሩን ላቀብላቸው ስል፣ "አይሆንም፣ ያፈነዳዋል። ይኸ በአፍ ነው" አሉና በቱቦው እፍ አሉ። ከታች፣ መስታወቱና ፕላስቲኩ ከተጣበቁበት ጥግ፣ ደቃቅ አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ውኃው የሚገባው ለካ በዚያ ነው። ቀዳዳዋ ምንም አላደረገች።

የቀረውን ጎማ እያጣበቁ አስረዱኝ። መብራቱ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ያብጣል። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ትንፋሹን ከውጭ ይስባል። መተንፈሻው ከተደፈነ በስንጥቁ ውኃ ይስባል። የእኔ ጆግ ምንም ያላሳየኝ መብራቱ ቀዝቃዛ ስለነበረ ነው። ስለዚህ የይበልጣልን መብራት ከበፊቱ አባብሼዋለሁ። አልጠገንሁትም፣ አንቄዋለሁ።

አያ ጌጡ አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ስልኩ ዝግ ነው። ከንጋት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልሁ።

አገሬ ሁለቴ ደወለች። "ደወለልሽ?" አለችኝ። "ኔትወርክ ይሆናል" አልኋት። እውነቱን አልነገርኋትም። "ያንች መብራት እያለው ምን ይሆናል" ብላ ራሷን አጽናናች።

ካርቶኑን ከበሩ ላይ ቀደድሁት።

ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝና መገንጠያው ላይ ቆሜ ከደብረ ታቦር በኩል የሚመጣውን ሁሉ "ጉናን እንዴት አለፋችሁ?" እያልሁ ጠየቅሁ። ብዙዎቹ "ደህና" ብለው አለፉ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ግን፣ "ትናንት ጉሙ ክፉ ነበር። ከክምር ድንጋይ ከተማ በላይ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አይተናል፤ ቅጠል ጥለውበታል" አለኝ።

"ምን ዓይነት ነው?"

"ሰማያዊ ሸራ ለብሷል።"

የይበልጣል ሸራ ሰማያዊ ነው። በእርግጥ የግማሹ መኪና ሸራ ሰማያዊ ነው። "ሹፌሩስ?" አልሁት። "ሹፌሩን አላየንም" አለ። አመስግኜው ሱቄ ተመለስሁና በሩን ገርበብ አድርጌ አለቀስሁ።

ከሰዓት እጄን ሥራ ላስፈታው አልፈለግሁም። የሐሙሲቱን መብራት እንደገና ሠራሁት፦ ጥጉን ፍቄ በአዲስ ሲልከን ዘጋሁ፣ መተንፈሻውን ከፈትሁ፣ ቱቦውን ወደ ታች ቆልምሜ አሰርሁ። ሹፌሩ ሊወስድ ሲመጣ ትናንት አበላሽቼበት እንደነበር ነገርሁት። "መብራትም ይተነፍሳል እንዴ?" ብሎ ተገረመ። ለማያውቁኝ ሰዎች እውነት መናገር ቀላል ነው። አገሬ ናት የከበደችኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

3 ሰዓት ላይ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። "እታለም" አለ። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝሁት። "እታለም፣ ትሰሚያለሽ ወይ? ስልኬ ውኃ ገብቶበት በሰው ስልክ ነው። ጭነቱን አራግፌያለሁ፤ ነገ እገባለሁ።" ስለ መብራቱ ልጠይቀው ስል ተቋረጠ።

ተመስገን። ተመስገን። ተመስገን።

ወዲያው አገሬ ደወለች፤ ለእሷም ደውሎላታል። እያለቀሰች ትስቃለች። "ጉሙ ውስጥ መብራቱ እንደ ፀሐይ ነበር ብሎኛል። እጅሽ ይባረክ" አለችኝ።

እንደ ፀሐይ። እንዴት ሆኖ? ወይ እኔ የማላውቀው ነገር አለ፣ ወይ ወንድሜ ሚስቱን ዋሽቷታል። ምርቃቷ ከእርግማን ይልቅ አቃጠለኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ጠዋት ገብርኤል ሄጄ ተሳልሜ መጣሁ። የተሳልሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ይበልጣል 9 ሰዓት ገባ። ሳልስመው መብራቱን አየሁ። ቀኙ እስከ ግማሹ ውኃ ነው፤ አምፖሉ ጠቁሯል። ግራው በላብ ተሸፍኗል።

እንደ ነገረኝ፣ ከክምር ድንጋይ በላይ ጉም ውስጥ ሲገባ ቀኙ ድርግም ብሎ ጠፋ። ግራው ደግሞ ፊት ለፊቱ ነጭ ግድግዳ ከማሳየት በቀር አልረባውም። በሬው ትዝ አለው። ዳር ይዞ አቆመ፣ ቅጠል ቆርጦ ከፊትም ከኋላም መንገዱ ላይ ጣለ፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ መቀመጥ ፈርቶ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ዝናብ ላይ ቆመ። ጉሙ የገለጠው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ስልኩም የበሰበሰው ያን ጊዜ ነው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልሁት። ስለ ቀዳዳዋ፣ ስለ ሲልከኑ፣ "አይቻለሁ" ብዬ አያ ጌጡን ስለ መለስኋቸው፣ ሁሉንም ነገርሁት።

"አውቄያለሁ" አለኝ። "ቆሜ ስጠብቅ ኋላውን በባትሪ አየሁት። ሲልከኑ ላይ የጣትሽ አሻራ አለ።"

"ለአገሬ ታዲያ ለምን እንደ ፀሐይ ነው አልሃት?"

"እሷ አንችን ካላመነች መንገድ አትለቀኝም" አለ። "እኔም አንችን ካላመንሁ መኪናው ውስጥ አልገባም።"

መብራቶቹን አውርደን ወደ አያ ጌጡ ወሰድን። ዛሬ በዓል ነው ይሉናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳፋቸውን ሞሉ። ስንጥቁን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው እያዩኝ። የግራው ስንጥቅ አልነበረውም፤ መተንፈሻውን መክፈት ብቻ በቃው። ሲልከኑ ስላልያዘ ለነገ አሳደርነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ከቅዳሴ በኋላ ሳፋው ውስጥ ነክረን አያ ጌጡ እፍ አሉ። አንድም አረፋ የለም። ደግመው እፍ አሉ። የለም። "አሁን በየት እንደሚገባ አይተሻል" አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይኸ ምስጋና ነው፤ እንደ ምስጋና ተቀበልሁት።

ከዚያ የፈራሁትን አደረግሁ። አገሬ ቤት ሄጄ ነገርኋት። አልጮኸችም። "ሐሙስ ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?" አለች። "አውቅ ነበር" አልሁ። ነጠላዋን ለብሳ ይበልጣል መብራቶቹን ወደሚገጥምበት ግቢ ወጣች።

ስንጨርስ ዝናብ መጣ። ሦስታችንም በአንድ ጃንጥላ ተጠጋግተን ቀኙን መብራት ስንመለከት ቆየን። ጥጉ ላይ ስስ ጉም ታየ። "አብራው" አልሁት ይበልጣልን። አበራው። ጉሙ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። አገሬ በጣቷ መስታወቱን ነካችና፣ "ሄደ" አለች። እኔን ግን አላየችኝም።

ማክሰኞ እንደገና ወደ ወልዲያ ይጭናል። ያው ጉና ነው፣ ያው ሐምሌ።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መኪናው እነሱ ግቢ ስለ ሆነ ሄጄ ማየት አልቻልሁም፤ ሁለቴ ጃንጥላ አንሥቼ ሁለቴ መልሼ አስቀመጥሁ። ይኸን እየጻፍሁ ስልኬ ጠራ። አገሬ ናት።

"ወጥቼ አየሁት። ደረቅ ነው" አለችኝ። ቀጥላም፣ "አንች ተኚ። ሌሊት ተነሥቼ እኔ አየዋለሁ" አለች።