ሆዴ፣ ፌዮና አምስት ቁጥር

ውድ የልጅ ልጄ ዮካስታ፣

ለመላው የባኒ ከተማ ሕዝብና ሳንቲያጎ ለምትገኚው ለአንቺም በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ፤ በሰፈራችን ሱቅ ደጅ ከማንጎው ጥላ ሥር ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የቆየው ሰማያዊው የፕላስቲክ ወንበር አያትሽን እንደተሸከመ በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይቷል። የሟች እግሮች በአራት አቅጣጫ ተበታትነው ተገኝተዋል። አያትሽ መቀመጫው ላይ መጠነኛ ጉዳት ከመድረሱ በቀር ደህና ነው።

ሳቅሽን ከጨረስሽ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ባለፈው ስትደውዪ "አባባ፣ ድምፅህ ምን ሆነ?" ስትዪኝ "ጉንፋን ነው" ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ጉንፋን አልነበረም። ፈርቼ ነበር። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ዝም የምታሰኚው መምህርት፣ ራስሽ ሰው አታስጨርሺም።

ነገሩ የተጀመረው ዶሚኖ ላይ ነው። ፌዮን ታውቂዋለሽ፣ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ የጨዋታ አጋሬ ነው። አጋር ለአጋሩ ትንፍሽ አይልም። የሚጥለው ጠጠር የሌለው ጠረጴዛውን ያንኳኳል፤ አጋሩ ያቺን ኳኳታ በአእምሮው ይዞ መጫወት አለበት። የዚያን ቀን ፌዮ አምስት ቁጥር ያለበት ጠጠር አጥቶ አንኳኳ። ወዲያው ተራዬ ሲደርስ የድርድሩን ሁለቱንም ጫፍ አምስት አድርጌ ጠጠሬን በኩራት ጠረጴዛው ላይ ጯ አደረግሁት።

"አንተ ድብልብል!" ብሎ ጮኸ ፌዮ። "አሁን አይደል እንዴ ያንኳኳሁት? ጆሮህንም በላኸው?"

"መቼ አንኳኳህ?" አልኩት።

ተጋጣሚዎቻችን በሳቅ ፈነዱ። ፌዮ ግን ዓይን ዓይኔን አየኝ። ምን እንዳሰበ አውቄዋለሁ፤ እኔም እሱኑ ነበር የማስበው። ወንድሜ ኤሊሂዮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር መርሳት የጀመረው። መጀመሪያ ጠጠሩ ጠፋበት፣ ቀጥሎ የቤቱ መንገድ፣ መጨረሻ ላይ የገዛ ሚስቱን "እሜቴ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?" ይላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምን ልገዛ እንደወጣሁ መንገድ ላይ ይጠፋኝ ጀመር። ስምሽ እንዳይጠፋብኝ "ዮካስታ፣ ዮካስታ" እያልኩ ነበር የምሄደው። ሰፈሩ አዲስ ውሽማ የያዝኩ ሳይመስለው አልቀረም።

በመጨረሻ ፌዮ በሞተር ብስክሌቱ ጭኖ ሐኪም ቤት ወሰደኝ፤ ጎማው እያቃሰተ። ዶክተሯ ያንቺ እኩያ ናት። ቁጥር ጠርታ "ከኋላ ወደ ፊት ይንገሩኝ" ስትለኝ ተደናበርኩ። መጀመሪያ ላይ የነገረችኝን ቃላት ቆይታ ስትጠይቀኝ ግን አንድም ሳላስቀር መለስኩላት። ደሜንም መረመረች፣ ጭንቅላቴንም በመሣሪያ አስነሳች። ውጤቱ ሲመጣ እኔንና ፌዮን አስቀምጣ እንዲህ አለች፦

"ዶን ሊሳንድሮ፣ የወንድምዎ በሽታ ምልክት አላየሁብዎትም። አእምሮዎ ያስቀመጠውን አልጣለም። የደከመው፣ ነገርን ለአፍታ ይዞ የሚያሠራው ችሎታዎ ነው። ብዙ ወፍራም ሰዎች ላይ ይህ ድካም ይታያል፤ ምክንያቱ ገና እየተጠና ነው። እርስዎ ደግሞ ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ እየተቆራረጠ እንቅልፍ አያገኙም። ክብደት ቢቀንሱ፣ ቢራመዱ፣ ደህና ቢተኙ ሊሻሻል ይችላል። ቃል አልገባልዎትም፤ ግን እንሞክር።"

እኔም ኮሌታዬን አስተካክዬ "እንግዲያው ወንጀለኛው ሆዴ ነዋ! ዛሬውኑ ለፖሊስ አስረክበዋለሁ" አልኳት። ዶክተሯ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከደረቴ ላይ ምን ያህል ድንጋይ እንደተነሳ አልነግርሽም። ቁርሴ በሆነው የሙዝ ፍትፍት፣ በማንጉዬ ላይ ይከመር የነበረው የተጠበሰ ሳላሚ ቋሊማ ከአገር ተሰዷል። ጠዋት ጠዋት እራመዳለሁ፤ ፌዮ በሞተሩ ከጎኔ እያዘገመ "ቶሎ በል እንጂ፣ ዔሊ ቀደመችህ!" ይለኛል። ትናንት ሦስት አጥቶ ሲያንኳኳ ያቺን ኳኳታ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ያዝኳት። ተሸነፍን፤ ግን ያዝኳት።

በይ ደህና ሁኚልኝ። እንደ ልማዴ ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንዷ ፈጠራ ናት፤ ከሌላ ሰው ሳትሰሚ ራሴ ልንገርሽ። ስለ ፖሊሱ የቀለድኩት እኔ አይደለሁም። እኔማ አፌን መክፈት አቅቶኝ፣ ባርኔጣዬን ፊቴ ላይ ደፍቼ እንደ ሕፃን ስንሰቀሰቅ ነበር። የቀለደው ፌዮ ነው፤ የእሱም ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አያትሽ ሊሳንድሮ