የስፌት ማሽኑ ላይ ያሉ ድንጋዮች

ጥር 11

ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ሰው ጠዋት ተነስቶ ምን ይሠራል? እኔ ድንጋይ አያለሁ።

ወንድሜ "ወይዘሪት ጠጠር" ብሎኛል። ዕፅዋት ተምራ ድንጋይ ስታይ ትውላለች እያለ ለጓደኞቹ ያወራል። ያውራ። ሕያው ድንጋይ የሚባሉ ተክሎች ናቸው... መሃላቸው ስንጥቅ ያለ፣ ጠጠር የሚመስሉ ጥንድ ወፍራም ቅጠሎች። ግራጫ፣ ሮዝ፣ የዛገ ብረት የመሰለ ቡናማ፣ አንዱ ደግሞ ወይን ጠጅ። ሁሉንም ተማሪ ሳለሁ ከዘር ያበቀልኳቸው ናቸው።

ያሉት አባዬ ክፍል፣ የስፌት ማሽኑ ላይ። ደህና ፀሐይ የሚገባው እዚያ ብቻ ነው። ቀኝ ጎኑን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ማሽኑ ሥራ ፈቷል። ላስቀምጥ ወይ ስለው ድንጋዮቹን አየ፣ ከዚያ ማሽኑን። እሺ ማለቱ... መሰለኝ።

ጥር 19

አንዲት የችግኝ ቤት ባለቤት አገኘሁ! ለቁልቋሎቹ ክፍል ሰው ትፈልጋለች። ፎቶ ሳሳያት መነጽሯን አውልቃ ስልኬን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። "ፎቶማ ማን የለውም። አሮጌ ቅጠላቸውን ጥለው ሲጨርሱ ራሳቸውን አምጪልኝና እንነጋገራለን" አለችኝ።

ስንጥቆቹ መከፈት ጀምረዋል። አዲሱ ጥንድ ከውስጥ ብቅ እያለ ነው። የሚያድገው የአሮጌውን ውሃ እየመጠጠ ስለሆነ አሁን ውሃ ከነካቸው ይበሰብሳሉ። ማንም እንዳይነካብኝ ብዬ ለእማዬም ለወንድሜም ተናገርኩ። "ደግሞ ማን ይነካል ድንጋይሽን" አለች እማዬ።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ለምን እነግረዋለሁ?

የካቲት 2

ሮዟ ለስልሳለች። በጣቴ ስነካት ስምጥ አለች። አፈሩ እርጥብ ነው... ማን? እማዬ አልነካሁም ብላ ማለች። ወንድሜ "ድንጋይ የማጠጣ ጅል እመስላለሁ?" አለ። ከመስኮቱ የገባ ጤዛ ይሆን? ራሴን እያታለልኩ ነው።

የካቲት 4

እማዬ ስታለቅስ ደረስኩ። የደስታ ነው። አባዬ በቀኙ በኩል የተቀመጠለትን ብርጭቆ ራሱ አንስቷል። ሞልታለት ወጥታ፣ ስትመለስ ባዶ። እጁን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ስትሰማ አጨበጨበች። ደስ ብሎኛል... ግን ሁለት ሌሎች በሰበሱ።

የካቲት 7

አየሁት።

ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር። ብርጭቆውን በቀኝ እጁ ይዟል፣ ግራው ከሥር ይደግፈዋል። ቀስ በቀስ ወደ ማሽኑ ዘረጋው። ግራጫው ላይ ጠብ፣ ጠብ... ድሮ ሰፍቶ የጨረሰውን ኮት ከፍ አድርጎ ሲያይ የነበረው ፊት ነው ፊቱ ላይ ያለው።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ጮህኩ። "አባዬ፣ ገደልካቸው እኮ!"

ብርጭቆው ወደቀ። "ጠምቷቸው..." አለ፣ ቃሉን እየጎተተ። "ተጨማደዱ... ሚጡ።"

አሮጌው ካልተጨማደደ አዲሱ አያድግም። ይህን ለአባዬ በየትኛው አፌ ልንገረው?

የካቲት 12

ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ አያወጣም። ፊዚዮቴራፒስቷ ለመነችው። ወደ ግድግዳው ዞረ። እማዬ አታናግረኝም፣ ሳህኑን ብቻ ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ጓ ታደርገዋለች። ይቅርታ ልለው ሦስቴ ገብቼ ሦስቴም ስለ አየሩ አውርቼ ወጣሁ።

የካቲት 15

የተረፈው ወይን ጠጁ ብቻ።

የካቲት 20

እሱኑ ይዤ ሄድኩ። "ሌሎቹስ?" አለች ባለቤቷ። ተባይ በላቸው ልል ነበር... "አባቴ አጠጣቸው" አልኳት። እጁን፣ ብርጭቆውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ወይን ጠጁን እያገላበጠች ሰማችኝ። ከዚያ በአንድ ድንጋይ ሰው አልቀጥርም አለች። ልወጣ ስል ግን ጠርታ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር ሰጠችኝ። አብቅለሽ አሳዪኝ ብላ። አቧራ የሚያክል ዘር... መቼ ደርሶ?

አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። መሃል ላይ አንድ ነገር ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ዘር እኮ ነው! እስኪበቅል አፈሩ መድረቅ የለበትም።

የካቲት 22

ማሽኑን ወልውዬ ባዶውን ተውኩለት። ወይን ጠጁ መስኮቱ ጥግ ይበቃዋል። ዘሩን አፈር ባለው ዝርግ ሳህን ላይ በትኜ ከአባዬ ወንበር አጠገብ አደረግኩ። ከማሽኑ መሳቢያም ልብስ ሲተኩስ ውሃ የሚረጭበትን ጠርሙስ አገኘሁ።

"አባዬ፣ ይቅርታ። እነዚህ ገና ሕፃናት ናቸው፣ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋሉ። እኔ ሥራ ፍለጋ ስወጣ ማን አለኝ? ታግዘኛለህ?"

ቀኝ እጁ አሁንም ብርድ ልብሱ ሥር ነው። ጠርሙሱን ጭኑ ላይ ትቼለት ወጣሁ። በሩን ግን አልዘጋሁም። ይህን የምጽፈው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ነው...

ፍስስ አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና ፍስስ።

"ሚጡ... ነይ እስቲ እዪ። በዛ እንዴ?"