ስለ ሰበርኩት መስታወት የተጠየቅኩት ይቅርታ

ለተከበሩ የመዋዕለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርት፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቢሮዎ፣ ወንበርዎ፣ በመስኮቱ ጥግ የተደረደሩት አበቦችዎስ ደህና ናቸው? እስካለፈው ሳምንት የትንንሾቹ ክፍል መምህርት የነበርኩት እኔ ደህና ነኝ፤ የእጄ ስፌት እየጠገገ ነው፣ ሌላው አካሌ ብዙም አይሰማኝም።

ወደ ሥራዬ መመለስ የምችለው በጽሑፍ ይቅርታ ከጠየቅኩና ይቅርታዬም ወላጆች ሁሉ እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ብቻ መሆኑን በጸሐፊዎ በኩል ስላሳወቁኝ፣ እነሆ በትእዛዝዎ መሠረት ጽፌያለሁ። ለወላጆች ማሰብዎ በተለይ ልብ ይነካል፤ ብዙዎቹ የሆነውን ነገር እስካሁን አልሰሙም።

፩. በእንግዶች ፊት ስለተናገርኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጎብኚዎቹ የመጡ ዕለት ኬኩን በገዛ እጅዎ እየቆረሱ ለልጆቹ ሲያድሉ፣ ጓደኞቿ ድንቡሼ የሚሏት የአራት ዓመት ልጅ ለውዝ እንደማይስማማት፣ ነገሩም መሞላቀቅ ሳይሆን ሰውነቷ ለውዝን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚነሣበት አለርጂ መሆኑን ከጎንዎ ቆሜ ነገርኩዎት። እርስዎም «እኛ ለውዝ እየቆረጠምን አይደል እንዴ ያደግነው? የዘንድሮ ልጅ እኮ ነፋስም አይስማማው!» ብለው እንግዶቹን አሳቁ። ጨዋታ አዋቂነትዎ የታወቀ ነው።

፪. ድንቡሼ ራሷ፣ እናቷ እንዳስጠናቻት፣ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ ደብቃ «እኔ ለውዝ ያመኛል» ብላዎታለች። እርስዎ ግን ልበ ሩኅሩኅ ስለሆኑ ከላይ የተነሰነሰውን ለውዝ በቢላዋው ጠረግ ጠረግ አድርገው «ይኸው፣ አሁን የለም፤ ጎበዝ ልጅ ትልቅ ሰው የሰጣትን ትበላለች» አሏት። ድንቡሼ ጎበዝ ልጅ ናት፤ በላች። የተጠረገ ለውዝ ያልተነሣ ለውዝ መሆኑን፣ በዓይን የማይታይ ብናኝም የልጅ ጉሮሮ ለመዝጋት እንደሚበቃ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ባስረዳሁ ጊዜ ስልክ ይዘው ነበርና አልሰሙኝም። ባለመጮኼ ይቅርታ፤ ይህኛው ከልቤ ነው።

፫. ከንፈሯ አብጦ፣ አንገቷ በሽፍታ ተሸፍኖ፣ ድምፅዋ እየሻከረ ሲያስላት «ትን ብሏት ነው፣ ውሃ ስጧት» ብለው እንግዶችዎን ሊሸኙ ወጡ። ውሃውን አልሰጠኋትም።

፬. ወደ መስታወቱ እመጣለሁ። ሐኪሟ ለእንዲህ ያለ ቀን ያዘዘላት፣ እናቷም አደራ ብላ ያስረከበችን መርፌ፣ ልጆች እንዳይነኩት በሚል ከዋንጫዎቹ ጋር በቢሮዎ ቁም ሣጥን ተቆልፎበት፣ ቁልፉም ቦርሳዎ ውስጥ ሆኖ፣ ቦርሳዎም ከእርስዎ ጋር ወደ መኪናዎቹ ሄዶ ስለነበር፣ ጠረጴዛዎ ላይ ባገኘሁት የወረቀት መብሻ የቁም ሣጥኑን መስታወት ሰብሬያለሁ። መርፌውን ጭኗ ላይ ወጋኋት። ተነፈሰች። የጤና ባለሙያ ሳልሆን በመውጋቴ ጥፋተኛ ተብያለሁ፤ የተቀበለን ሐኪም ግን እሱም እንደኔው ሥርዓት የጎደለው ሰው መሆን አለበት፣ «ባትወጊያት ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር» አለኝ።

በተባረርኩበት ስብሰባ ላይ «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ብለው መክረውኛል። እውነትዎን ነው። ከሐኪም ቤት ተመልሼ፣ ልጆቹ እንዳይረግጡት፣ ስብርባሪውን የለቀምኩት እኔው ነኝ።

ስጽፍልዎት እንደምናደድ ጠብቄ ነበር፤ አልተናደድኩም። አላለቀስኩምም። ሰው ሲያናግረኝ ከግድግዳ ማዶ ሆኖ ይመስለኛል፤ እህቴ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ እበላለሁ፣ ምን እንደበላሁ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ጥርት ብሎ ይታየኛል፦ ድንቡሼ ሰኞ ትመለሳለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ልጇን የምትተውበት ሌላ ቦታ የላትም። አዲሱ መርፌም እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል፤ ወፍራም መስታወትና የተሻለ ቁልፍ እንዳስገጠሙለት ሰምቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ለእርስዎ ክብር ስል አልጠቅሰውም።

ስለዚህ ይቅርታዬን በማንበብ ለደከሙ ወላጆች፦ የልጃችሁ መድኃኒት የት እንደተቀመጠና በሩን ማን እንደሚከፍተው ጠይቁ። ለእርስዎ ደግሞ፦ መርፌው መምህርቷ እጇን ዘርግታ በምታገኘው፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ፣ ያለ ቁልፍ በክፍሏ ውስጥ ይቀመጥ። ይህ እስኪሆን ሥራዬን ይመልሱልኝ አልልም። ሰኞ ጠዋት ከእናቷ ጋር በሩ ላይ ቆሜ መርፌው የት እንዳለ እጠይቅዎታለሁ፤ ማክሰኞም እንዲሁ።

በትእዛዝዎ ተባርሬ፣ በትእዛዝዎ ይቅርታ ጠይቄ፣ መስታወቱን ግን በገዛ ፈቃዴ የሰበርኩ፣ ለክብርዎ ከወገቤ ዝቅ የምል፣

የትንንሾቹ ክፍል የቀድሞ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድንቡሼ ሐኪም ቤት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ትልቋ ቲቸር ኬኩን ስላልጨረስኩ ተቆጡኝ?» ብላ ነው። አልተቆጡም ብያታለሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቤቷ እየሄድኩ አንድ ትምህርት ብቻ አስተምራታለሁ። ከእንግዲህ በእጅዎ የሆነ ነገር ይዘው ወደ እሷ ሲመጡ፣ በእንግዶችም ፊት ቢሆን፣ ጮኻ እምቢ ብትልዎት ባለጌ አይበሏት፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለዚህኛው ይቅርታ አልጠይቅም።