ጉለሌ ሁሉ ጀንቲሌ የሚልህ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ስለሺ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ቀንቻለሁ። ባሏ ጦር ሜዳ ያለ ሴት ትናፍቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሳላለች እንጂ ትቀናለች እንዴ ትለኝ ይሆናል። እኔ ሁሉንም በየተራ አደርገዋለሁ።

ጥፋቱ የዚያ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። ጎሚስታ ቤቱ ከመወረሱ በፊት ሲኞር ብሩኖ አንተን ለደንበኛው ሁሉ እያሳየ «ጀንቲሌ! ኤዱካቶ! ጋላንቱኦሞ!» ይል ነበር። ትርጉሙን ስጠይቅህ አፍረህ «ጨዋ ለማለት ነው» ብለህ አለፍከው። ኋላ እሱን ራሱን ጠየቅሁት። ጀንቲሌ ለሰው የሚራራ፣ ኤዱካቶ አስተዳደጉ ያማረ፣ ጋላንቱኦሞ ደግሞ ማንም ባያየውም ክብሩን የሚጠብቅ ወንድ ነው አለኝ። ሦስት ቃል ለአንድ ጎማ ለጣፊ! ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም፤ ሰፈሩ የመጀመሪያውን ቃል አንስቶ ስም እስኪያደርግልህ ድረስ።

ከዚያማ አለቀልኝ። አውቶቡስ ላይ ለሴት ሁሉ ትነሳለህ። ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈህ፣ ስኳሩ ሊያልቅ ሲል፣ ዞር ትልና «ፕሬጎ፣ ይቅደሙ» ብለህ ባዶ ዘንቢል ይዘህ ትመጣለህ። ሻዩን ያለ ስኳር የጠጣሁት እኔ ነኝ። ዘርትሁንማ፣ የጎረቤታችን የቶለሳ ሚስት፣ በአጥር ላይ «ጀንቲሌ!» ስትልህ ድምጿ ይረዝማል። እጅህ ቆሻሻ ስለሆነ ለሰላምታ የእጅህን አንጓ ትዘረጋላታለህ፤ እሷም ይዛ አትለቅም። ሰላምታ ነው ወይስ የልብ ምት መቁጠር? የሚያናድደኝ ደግሞ አንተ ምንም አለማጥፋትህ ነው። ለእሷም ለእኔም እኩል ጨዋ ነህ። እኔ ሚስትህ አይደለሁም እንዴ? ለእኔ ብቻ ትንሽ ባለጌ ብትሆንልኝ ምን ነበረበት?

በጳጉሜው የቀበሌ ስብሰባ የሚዘምቱት ስም ሲነበብ ቶለሳ ተጠራ። ዘርትሁን አራስ ነበረች፤ ሌሎች ሦስት ልጆችም ቤት አሉ። ቶለሳ ብድግ አለ። አንተ ከጎኔ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር እንደምትለቀው፣ ኮፍያህን አውልቀህ ተነሳህ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ፣ በእሱ ፈንታ እኔ ልሂድ።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ፣ አንተን አየ። «ለእኛ ቁጥሩ ከሞላ ያው ነው» አለ። ስትቀመጥ እግሬን የረገጥከኝ ይመስል «ይቅርታ ሙሉዬ» አልከኝ። ሳታማክረኝ! ለዘርትሁን ብሎ ነው ብዬ አመንኩ። ስትሄድም በደንብ አልሳምኩህም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሳምንት ሕፃኑ ክርስትና ተነሳ። ስሙን ስለሺ አለችው። እኛ ስምንት ዓመት እንጦጦ ማርያም ተስለን ልጅ አላገኘንም፤ ስምህን እሷ ወሰደችው። አሁን ጠዋት ማታ ከአጥሩ ወዲያ «ስለሺ! ስለሺዬ!» ትላለች። እኔም ሞኝ ነኝ፣ በተጠራህ ቁጥር ወደ በሩ እዞራለሁ። ትናንት አልቻልኩም። ሄጄ «ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። አልተቆጣችም። ሕፃኑን አምጥታ አሳቀፈችኝ።

«ሙሉእመቤት፣ ባልሽ ሲሄድ ቶለሳን ምን እንዳለው ነግሮሻል?»

«ምን አለው?»

«‹አንተን አምስት ሰው ይጠብቅሃል። እኔን የምትጠብቀኝ አንዲት ሰው ናት› አለው።»

አንዲት ሰው! አየህ፣ እኔንም አሰልፈኸኝ «ይቅደሙ» አልክብኝ። አንድ ሰው፣ ሰው አይደለም እንዴ ስለሺ? ሕፃኑ ደረቴ ላይ ተኛ፤ እኔ በዘርትሁን ፊት አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። በሷ መቅናቴን ግን ገና አልተውኩም፣ እንዳይመስልህ።

እስከዛሬ አንድም ነገር ለራሴ ብዬ ለምኜህ አላውቅም። አሁን ልለምንህ። የምትመለስ ቀን ማንንም አታስቀድም። መኪናው ላይ ተጋፍተህ ውጣ፣ ወንበር አትልቀቅ፣ የሰው እግር ብትረግጥም ይቅርታ አትበል። ባለጌ ሆነህ ና። እዚህ ስትደርስም በራችን ላይ ገለል ብለህ «ፕሬጎ» እንዳትለኝ። አንተ ቀድመህ ግባ። በሩን እኔ ከኋላህ እዘጋዋለሁ።

የምትጠብቅህ አንዲት ሰው፣
ሙሉእመቤት