የቤልጂግ ቢራና የየሺ ጌሾ

እሑድ፣ ጥር 17

መራራ ነው፤ ግን ደስ የሚል ምሬት። ቀለሙ ጠጅ ይመስላል፤ አረፋው ወፍራም ነው። ሽታው መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀጥሎ ቅርንፉድ፣ መጨረሻ ላይ አሁን የተቀጠፈ ቅጠል። ሦስት ጊዜ አሽትቼ ሦስት ጊዜ ቀመስሁ።

ቢራውን ያመጣልኝ ይበልጣል ነው፤ ቡሬ ኬሚስትሪ ያስተማርሁት። ዛሬ ባሕር ዳር ትንሽ የቢራ መጥመቂያ አለው። «የቤልጂግ ዓይነት ነው መምህር፤ ሆፕ አብዝቼበታለሁ። እንደ ፈተና ወረቀት ያርሙልኝ» አለ። ሆፕ የፈረንጆቹ ጌሾ ነው። ከመቶ ሰባ ስምንት ሰጠሁት።

«ዛሬም እጅዎ አልተፈታም!» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ሽታው የሺን አመጣብኝ። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ጠላዋ ሲከፈት እንዲህ ነበር የሚሸተው። እሷ ካረፈች ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠመቅሁ፤ ሁለቱም ምሬት እንጂ ሽታ አልነበራቸውም።

ሐሙስ የማርያም ማኅበር ተራ የእኛ ቤት ነው። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን አቶ አድማሱ፣ ባለፈው ወር በትሕትና ነገሩኝ፦ «ሴት የሌለበት ቤት ለምን ይጨነቃል? ዘንድሮም ካልሆነ ተራውን ለሌላ ቤት እናሳልፈው።» ሠላሳ ዓመት የሺ የያዘችው ተራ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 18

ይበልጣል ወደ ባሕር ዳር ሳይመለስ ሽታው ከምን እንደመጣ ጠየቅሁት። ሆፑን ሁለት ጊዜ ነው የሚጨምረው፤ መጀመሪያ ለምሬቱ፣ መጨረሻ ላይ ለሽታው።

ደብተሬን አወጣሁ። የሺ ታማ ሳለች አጠገቧ ተቀምጬ የጻፍሁት ነው፤ ገብሱ፣ ብቅሉ፣ ጌሾው ስንት ስንት እንደሆነ። በጣሳ የነገረችኝን ወደ ግራም ለውጬ፣ በቀይ አስምሬበታለሁ። ስንት እንደሆነ ጠይቄያለሁ። መቼ እንደሚገባ አልጠየቅሁም። ሁለቱንም ጊዜ ጌሾውን በሙሉ ባንዴ ከተትሁት።

አሁን ትዝ አለኝ። ውሃውን ከሞላች በኋላ ከጓሮ የጌሾ ቅጠል ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ ጣል ታደርግ ነበር። ከጎረቤት ጋር እያወራች። እኔ እዚያው ወረቀት አርማለሁ። አንድ ቀንም ልብ ብዬ አላየሁም።

ለማኅበሩ አስቀድሜ ባዘጋጀሁት ድፍድፍ ላይ ዛሬ ውሃ ሞላሁ። ጌሾ ቀጠፍሁ። እጇ ከእጄ ያንስ ስለነበር ከእፍኜ ትንሽ መለስሁ። ሚዛኑን አልነካሁትም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ በአጥር አሻግረው አዩኝ። «መምህር፣ ዛሬም ከጋኑ ሥር ነዎት? ቀሚስ ላውስዎት?»

«ቀሚሱ ይቆይ፤ ይልቅ ይቅመሱልኝ» አልኋቸው።

«ነገ በማኅበሩ ፊት!» ብለው ገቡ። የየሺ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ከሁሉ የምፈራው የእሳቸውን ምላስ ነው።

ራሴ ቀመስሁ። ሽታ አለው። የእሷ ይሁን አይሁን እንጃ። ምሬቱ በዝቷል። ለክፉ ቀን አንድ ሣጥን ቢራ ልግዛ? ሱቁ በር ድረስ ሄጄ ተመለስሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ጸሎቱ ደረሰ፤ ጽዋው ዞረ። አቶ አድማሱ ጠጡና ጽዋውን አስቀመጡ። ሁሉም እትዬ ጥሩወርቅን አየ።

«ይመራል» አሉ። «የሺ እንዲህ አታመርረውም ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ሽታው ግን የቤቱ ነው። በሉ ድገሙኝ እንጂ፣ ምን ታዩኛላችሁ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ አድማሱ ጢማቸውን ጠረጉ፦ «ተራው እዚሁ ይቆያል። መምህር፣ እርስዎ ግን ከጌሾው ቀነስ ያድርጉ።»

ሲሄዱ ከጋኑ የቀረው አተላ ብቻ ነበር። የሺ ብትኖር ስለ ምሬቱ ትቆጣኝ ነበር፤ ልክም ነበረች። ተራዋ ግን ከቤቷ አልወጣም።